ሀጂ ያመሰገኑት ሰው

የስፖርት ደጋፊ የሚባል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። አሁን ግን በምነዳው የከተማ አውቶቡስ ላይ የቡድን ቆብ ያደረገ ሰው ሲሳፈር ሰላምታዬ ያጥራል። ሰውዬው ምን አደረገኝ? ምንም። ቆቡ ግን የእህቴ ልጅ ስም በማያውቁት ሰዎች አፍ ሲንከራተት የከረመበትን ጊዜ ያስታውሰኛል።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እታለም እያልኩ ነው የምጠራት። ከባሏና ከአንድ ልጇ ጋር ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈራችን ካሉት ፎቆች በአንዱ ትኖር ነበር፤ አሁንም እዚያው ናት። ባሏ የዕቃ መኪና ይነዳ ነበር። ልጃቸው ገና ሃይስኩል ሳለ ቁመቱ ከሊፍቱ በር ጋር መጣላት ጀመረ፤ ከዚያ በቅርጫት ኳስ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ድንበር ማዶ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አማቼ ዕድሜውን ሙሉ ቅርጫት ኳስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያለው የአበሻ ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ሥር ተቀምጦ ዳኛ መስደብ ቻለበት። ፋውል ምን እንደሆነ ለእኔ ሲያስረዳኝ፣ ራሱ ሕጉን ያወጣው ይመስል ነበር።

ባልና ሚስቱ ልጃቸው ሲጫወት በአካል አይተውት አያውቁም። የድንበር ወረቀታቸው ገና አልተስተካከለም ነበር። «በመጨረሻው ዓመቱ ሁለታችንም ሄደን እናየዋለን» ይላል አማቼ። እታለም ደግሞ «ምን ለብሼ?» ትላለች። ይህን ንግግር ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ይደጋግሙት ነበር፤ እኔም ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ብሰማው ምን አለ።

ልጁ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ሳለ፣ የካቲት ውስጥ፣ አማቼ ጠዋት ለሥራ ጫማውን እያሰረ ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። እኛ ዘንድ ጀናዛ አይቆይም። በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ እንዲቀበር ተወሰነ። ልጁ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ስለነበር ቡድኑ ለጨዋታ ሌላ ከተማ ሲሄድ እሱ ቀርቶ ነበር። በረዶው ደግሞ የሰማዩን በረራ ሁሉ ዘግቶታል። ስልክ ስደውልለት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንክል፣ ጠብቁኝ።» እኔ ምን ልበል? ጀናዛ ጠብቅ ይባላል?

ያን ቀን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ልጁን ጂሙ በር ላይ ተቀምጦ አገኙት። የቧንቧ ሥራ ሱቅ የነበራቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ የዚያን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚደግፉ ሰው ናቸው። ልምምድ እንኳ አያመልጣቸውም ይባላል። ምን ሆነህ ነው ብለው ጠየቁት። ሲነግራቸው «ተነስ፣ መኪናዬ ውስጥ ግባ» አሉት። በዚያ በረዶ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ድንበሩን አቋርጠው ነድተው አመጡት። ልጁ ከላይ የለበሰው የቡድኑን ስስ ሹራብ ብቻ ስለነበር ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱት።

መስጂዱ ውስጥ ለጀናዛው ሶላት ሰልፍ እየያዝን ሳለ ደረሱ። የካፖርቱ እጅጌ ለልጁ እስከ ክርኑ ብቻ ነበር የሚደርስለት። ከኋላው እኚህ ሽማግሌ ስስ ጃኬት ለብሰው፣ ጆሯቸው በብርድ ቀልቶ፣ ጫማቸውን የት እንደሚያወልቁ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። መቃብሩ ጋ አካፋ ሲቀባበሉ እሳቸውም ተቀብለው አፈር አለበሱ። ማንም አላዘዛቸውም። እታለም ይህን ያየች ጊዜ ነው ጮክ ብላ ያለቀሰችው፤ እስከዚያ ድረስ ደንዝዛ ነበር።

ከቀብር መልስ በእታለም ሕንጻ ምድር ቤት ፓርቲ ሩም በሚሉት የጋራ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሊፍቱ አንዱ ተበላሽቶ ስለነበር ሰው በደረጃ እየተንጠባጠበ ይገባል፤ የጫማው ክምር በሩን ሊዘጋው ደርሷል። ሽማግሌው እንደኛ መሬት እቀመጣለሁ ብለው ጉልበታቸው እምቢ አላቸው፤ ወንበር ተሰጣቸው። ዱዓ ከተደረገ በኋላ ሀጂ ለምስጋና ተነሱ።

ሀጂ የደሴ ሰው ናቸው። ልጃቸው ስፖንሰር አድርጓቸው ነው የመጡት። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ትንሹም ትልቁም ሀጂ ነው የሚላቸው። በኛ ሰፈር ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ለመጣለት ሰው ምስጋናውን የሚያቀርበው በሳቸው አንደበት ነው። ይህ የራሱ ወግ አለው። ለቅሶ ላይ ሲያመሰግኑ ቆጥቦ ማመስገን ነውር ነው። ውሃ ያቀበለ ሰው ምንጭ ቆፈረልን ይባላል፤ ሰሚውም ውሃ ማቀበሉን ይረዳል። የተመሰገነው ሰው አንገቱን ይደፋል፣ ሌላው አሚን ይላል፣ በቃ። ማንም ተነስቶ ምንጩ የት አለ አይልም።

ሀጂ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ይህን ሰው እዩልኝ» አሉ። «ነጭ ነው አትበሉ። ለዚህ ልጅ ዛሬ አይደለም አባት የሆነው። የሚበላውን የሚያበላው እሱ ነው። የሚለብሰውን የሚያለብሰው እሱ ነው። መኪናውን ያንተ ናት ብሎ የሰጠው እሱ ነው። ልጃችን በሰው አገር አንድ ነገር ሳይጎድልበት የኖረው በዚህ ሰው ነው። አላህ እድሜውን ያርዝምልን፣ ጀነት ያግባልን።» አዳራሹ ሙሉ አሚን አለ። እኔም ከሆዴ አሚን አልኩ። ያበሉት መንገድ ላይ የገዙለትን ሳንድዊች ነው፤ ያለበሱት ያንን ካፖርት ነው፤ መኪናዋም ውጭ በረዶ ለብሳ ቆማ እሳቸውን እየጠበቀች ነበር። ይህን እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጄ ጠጋ ብላ በጆሯቸው «እያመሰገኑዎት ነው» አለቻቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ያችው ልጄ በሌላ እጇ ስልክ ይዛ ነበር። ደሴ ያሉት የአማቼ ወንድሞችና እህቶች ለቅሶውን በቀጥታ እንዲከታተሉ ነው። እነሱም እዚያ ሆነው አብረውን አሚን ብለዋል። ቪዲዮው እዚያው ፌስቡክ ላይ ቀረ። ማን ያጠፋዋል? የሟች ለቅሶ አይጠፋም።

በጋው አለፈና የልጁ የመጨረሻ ሲዝን ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ያንን ቪዲዮ አገኘው። ምን ሲፈልግ እንዳገኘው እስካሁን አይገባኝም። የሀጂን ንግግር በኮምፒውተር አስተርጉሞ ለኮሌጅ ስፖርት መርማሪዎች ላከው። እዚያ አገር ባለሀብት ደጋፊ ለተጫዋች እንዲሁ ነገር መስጠት አይችልም። አሁን ተጫዋች ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶለታል ይላሉ፤ ግን በየትኛው በር እንደሚገባ ሕግ አለው፣ በጓሮ ከገባ ወንጀል ነው። መርማሪዎቹም በገዛ ዘመዶቹ አፍ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ መኪና የሚል ማስረጃ አገኙ። ጉዳዩ እስኪጣራ ልጁ እንዳይጫወት አሉ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ሳታጣሩ መቅጣት አትችሉም ብሎ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው።

እታለም በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ቪዛ አግኝታ ነበር። ባሏ የተመኘላትን ሄዳ ልታይለት፣ በቡድኑ ቀለም ሰማያዊ ሻሽ ገዝታ ነበር። ሻሹ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ይለቁታል?» ልጇ አንዴ ሲጫወት ማየት ነው የፈለገችው። ከዚያ ሌላ ከዚህ ሁሉ ክርክር የምትሻው ነገር አልነበራትም።

የዚያ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች የሚከራከሩበት ድረ ገጽ አለ። እታለም ከሥራ ስትመለስ ሶፋው ላይ አጠገቤ ትቀመጥና «እስቲ ዛሬ ምን አሉ?» ትለኛለች። እሷም ማንበብ ትችላለች፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ ስንት ሪፖርት የምትጽፍ ሴት ናት። ግን በሌላ ሰው ድምፅ ሲሆን ይቀላል ትላለች። አነብላታለሁ። ግማሾቹ ዩኒቨርሲቲው እስከ መጨረሻው ይፋለም፣ እነዚህ መርማሪዎች ልክ ይግቡ ይላሉ። ግማሾቹ ለአንድ ተጫዋች ብለን ቡድናችንን ለምን እናስቀጣለን፣ ልጁን ቆርጠን እንጣልና እንገላገል ይላሉ። አንድ ሰሞን ስለ ካፖርቱ ተከራከሩ። የምን ካፖርት ነው፣ ሱፍ ነው ወይስ ላባ የተሞላ፣ ያገለገለ ከሆነ እንደ ስጦታ ይቆጠራል ወይ። ካፖርቱ የሞተ ሰው ልጅ ትከሻ ላይ እንደነበረ ያነሳ አላየሁም።

አንዱ «ስለ አባቱ አዝናለሁ፣ ግን ሕግ ሕግ ነው» ብሎ ጽፏል።

«እሱን ማነው የጻፈው?» አለች እታለም።

«ስም የለውም። የአንበሳ ሥዕል ነው ያደረገው።»

«የአንበሳ ሥዕል ባሌን የት ያውቀዋል?» አለችና ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ስልኩን አጠፋሁት። በማግስቱም እንድነግራት ጠየቀችኝ።

የኛዎቹም አላነሱም። ዳንፎርዝ ላይ፣ አማቼ ዳኛ ሲሰድብበት በነበረው ቴሌቪዥን ሥር፣ ሁሉም ጠበቃ ሆኗል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ገብቼ አንድ አካውንቲንግ የሚማር ወጣትና አንድ ባለታክሲ ተፋጠው አገኘኋቸው።

«ዩኒቨርሲቲው ፋይት የሚያደርገው ለልጁ መሰለህ?» ይላል ወጣቱ። «ኬዙን ከተሸነፈ ልጁ የተጫወተባቸው ያለፈው ዓመት ዊኖች በሙሉ ይሰረዙበታል። ለራሱ ነው።»

«ለማንም ይሁን፣ ፋይት ያድርግ» ይላል ባለታክሲው። «ሴትል አድርጎ ከተስማማ ልጁን አሳልፎ ሰጠው ማለት ነው።»

«ሴትል ቢያደርግ ቶሎ ያልቃል፣ ልጁ ቢያንስ ሃፍ ሲዝን ይጫወታል።»

«አንተ ስለ ባስኬትቦል ምን ታውቃለህ?»

ሁለቱም ለልጁ ያዘኑ ይመስላቸዋል። እኔን ግን ደህና ዋልክ ያለኝ የለም። በዚህ መሃል ከጠረጴዛው ዳር አንዱ «ሁሉም የሀጂ ምላስ ያመጣው ጣጣ አይደል? አርፈው አላህ ይስጥልን ብለው ቢቀመጡ ኖሮ» አለ። ሀጂ ከኋላው፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። አላያቸውም። ሀጂ ሻያቸውን ግማሹን ትተው ከዘራቸውን ፈለጉ፤ ወንበር ሥር ወድቆ ነበርና ጎንበስ ብዬ አቀበልኳቸው። «ተባረክ» እንኳ አላሉኝም። ሀጂ ሳይመርቁ ሲሄዱ ያን ቀን ነው ያየሁት።

በሳምንቱ እታለም ቤት መጡ። በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ አፌ ጎዳሽ ወይ?» አሏት።

«ኧረ ሀጂ፣ ምን አጠፉ? አመሰገኑ እንጂ» አለቻቸው። እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ተናድጄባቸው ነበር። ማንን ልቆጣ? መርማሪዎቹን አላውቃቸውም፣ አንበሳውን አላውቀውም። የማውቀው ሀጂን ነው።

የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ሀጂ ቃላቸውን በቪዲዮ እንዲሰጡ ፈለገ። መርማሪዎቹ ማስረጃ ያሉት የሳቸው ንግግር ስለሆነ፣ ራሳቸው ቢያስተባብሉት ጠቃሚ ነው ተባለ። እታለም ምግብ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ተከፈተ። ሀጂ ለጁምዓ የሚለብሱትን ነጭ ጀለቢያ ለብሰው መጡ። አስተርጓሚዋ የማናውቃት ሴት ናት፤ ከስልክ ውስጥ ጥርት ባለ አማርኛ ታናግራቸዋለች።

«ያን ቀን የተናገሩት እውነት ነው ወይስ ውሸት?» አለቻቸው።

«ምስጋና ነው» አሉ ሀጂ።

ጠበቃው የሆነ ነገር አለ። «እውነት ወይም ውሸት ብለው ይመልሱልን» አለች።

«እኔ እኮ ለፍርድ ቤት አልተናገርኩም። ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ሰውዬው የሟቹን ልጅ ለጀናዛው አድርሶልናል። ታዲያ ምን ልበል?»

ጠበቃው ፈገግ ብሎ ሰማ፤ ትሕትና አለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የሚፈልገው አንድ ቃል ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አስጠየቃቸው። ሀጂ እታለምን አዩዋት። እሷ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ በጣቷ ታፍተለትላለች። ልጇን የምታይበት በር በሀጂ አንድ ቃል ላይ ቆሟል፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ።

«ውሸት ነው» አሉ። «ውሸቴን ነው የተናገርኩት።»

ጠበቃው አመሰገነና ዘጋ። ሀጂ ውሃ ለመኑ። ውሃውን ይዘው ቆዩ፤ አልጠጡትም። «ለቅሶ ላይ ዋሽተሃል ሲሉኝ ይኸው አዎ አልኩ» አሉ። ንዴቴ ያኔ ጥሎኝ ጠፋ። ታክሲ ልጥራልዎት አልኳቸው።

ጠቀመ ወይ? አልጠቀመም። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሰጠ፤ ሲዝኑ ፍርድ ቤት አይጠብቅም። እታለም የካቲት ላይ፣ ባሏ በሞተ በዓመቱ ገደማ፣ መጠበቁ ሰልችቷት ሰማያዊ ሻሿን አስራ ለአንድ ጨዋታ ሄደች። እኔ ነኝ የነዳሁት። ልጁ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጫፍ ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ሌሎቹ ሲነሱ ይነሳል፣ ውሃ ያቀብላል፣ ይቀመጣል። ጨዋታው ሲያልቅ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ አቀፋት። ያ ካፖርት የታለ ብትለው ጠበቆቹ መልስ ብለውት በፖስታ ለሽማግሌው እንደላከው ነገራት። «ኢትስ ኦኬ፣ ማሚ» አላት። ስንመለስ ድንበሩን አለፍን። ከዚያ «አየሁለት» አለች። «ልጁን ቁጭ ብሎ አየሁለት።»

ሲዝኑ ካለቀ በኋላ ዩኒቨርሲቲውና መርማሪዎቹ ተስማሙ። እያንዳንዳቸው እኛ ነን ያሸነፍነው የሚል መግለጫ አወጡ። በድረ ገጹ ላይ ደስታ ሆነ፤ ያለፈው ዓመት ውጤታቸው አልተሰረዘባቸውማ። ልጁ አንድ ደቂቃ አልተጫወተም። እንቅጠርህ ሲሉት የነበሩት የአውሮፓ ቡድኖችም ዝም አሉ። እኚያ ሽማግሌ ደግሞ ሁለተኛ ስታዲየሙ እንዳይደርሱ፣ ከተጫዋቾቹም ጋር እንዳይገናኙ ተከለከሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከሚቀመጡባት ወንበር በአንድ ቀን መኪና መንዳት ተነሱ።

የአማቼን የዓመት ሰደቃ ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ እስኪመጣ ድረስ አቆይተነው ነበር። ግንቦት ላይ በዚያው ፓርቲ ሩም ሆነ። ልጁ መጋዘን ሥራ ጀምሮ ስለነበር ከሥራ ልብሱ ሳይለውጥ መጣ፤ በሩ ላይ ጫማ እያስተካከለ ሰው ይቀበላል። እታለም ሽማግሌውን ልጥራቸው ወይ ብላ አስባ ነበር። ልጁ «እሳቸውን ሌላ ችግር ውስጥ እንዳንከታቸው» ብሎ አስቀራት። እሱ አሁን ተጫዋች አይደለም፣ መከልከሉም አይመለከተውም ነበር። ግን ማን ደፍሮ ይሞክር? ፍርሃቱ ሁላችንም ውስጥ ገብቷል።

ተበላ፣ ዱዓ ተደረገ። ሀጂ ለምስጋና ተነሱ። ሰው ሁሉ አዳመጠ፤ ስልክ ያነሳ የለም፤ ልጄም የራሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። ሀጂ ከዘራቸውን ተደገፉ።

«የመጣችሁትን ሁሉ አላህ ይስጥልን» አሉ። ተቀመጡም።

እንደገና ይነሳሉ ብለን ጠበቅን። ሴቶቹ ከተቀመጡበት በኩል የእታለም ድምፅ ተሰማ። አልጮኸችም፤ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገረችው።

«ሀጂ፣ ለባሌ በቀብሩ ቀን ሰው አልመጣለትም ነበር እንዴ?»

ልጁ በሩ ላይ የአንድ እንግዳ ጫማ በእጁ እንደያዘ ቆመ። ሀጂ ወደ እሷ ዞሩ።

«መጥቶለት ነበር ልጄ» አሉ። «ስንት ሰው መጥቶለት ነበር። አሁን እንዴት ተብሎ እንደሚነገር ነው የጠፋኝ።»